17 ወይስ 18? ለቶዮታ ጂአር86 ቸርኬና ጎማ ስትመርጡ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ቸርኬ ልቀይር ነው። 19 ኢንች አግኝቻለሁ፣ ዋጋውም አሪፍ ነው» አለኝ። እሱም እኔም የምንነዳው ቶዮታ ጂአር86 ነው፤ ትንሿን የስፖርት መኪና። እኔ አሌክሳንድሪያ ቨርጂንያ፣ እሱ ሜሪላንድ። «ጎማውንስ መረጥክ?» አልኩት። እሱን በኋላ እንደሚያስብበት ነገረኝ።

አብዛኞቻችን እንዲህ ነን። ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ቸርኬው ላይ ነው። ጎማ ጥቁር ነው፣ ክብ ነው፣ ሁሉም አንድ ይመስላል። መኪናዋ ግን መንገዱን የምትነካው በጎማ ብቻ ነው፤ እያንዳንዳቸው መዳፍ በሚያክሉ አራት ቦታዎች። ፍሬን ስትይዙም፣ ስትታጠፉም፣ ነዳጅ ስትሰጡም ሥራው ሁሉ የሚያልቀው እዚያ ነው። ስለዚህ እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ የምትነዱበትን መንገድና ወቅት አስቡ። ከዚያ ጎማውን ምረጡ፣ ቀጥሎ ልኩን፣ ቸርኬውን መጨረሻ ላይ። ለልጁ በስልክ ያስረዳሁትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ፋብሪካው የሰጠን

ጂአር86 አሜሪካ የገባችው በ2022 ሞዴል ነው። መነሻዋ ዓይነት 17 በ7.5 ኢንች ቸርኬ ላይ 215/45/17 ጎማ አላት። ፕሪሚየሟ ደግሞ 18 በ7.5 ቸርኬ ላይ 215/40/18። እህቷ ሱባሩ ቢአርዜድም ያው ናት።

ቁጥሮቹን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። 215 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 45 የጎማው ጎን ከፍታ ነው፤ ግን በመቶኛ። የ215 45 በመቶ ማለት ነው፣ ወደ 97 ሚሊ ይመጣል። 17 የቸርኬው ከላይ እስከ ታች ያለው ልክ ነው በኢንች፤ «17 በ7.5» ስንል 7.5 የቸርኬው ወርድ ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ነው። በቃ፣ ከዚህ በኋላ የስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል።

አሁን ሁለቱን የፋብሪካ ልኮች አስሏቸው። 215/45/17 ከላይ እስከ ታች 625 ሚሊ ይመጣል። 215/40/18 ደግሞ 629። ልዩነቱ አራት ሚሊ ብቻ! 18 ኢንች «ትልቅ» ስንለው መኪናዋ ላይ የሚዞረው ነገር አልተለቀም። ከጎማ ተቀንሶ ለብረት ተሰጠ እንጂ። ቸርኬ ባደገ ቁጥር ጎማው ይቀጥናል። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይቀላል።

ስለ ጎማዎቹ አንድ ነገር ልጨምር። ባለ 17ቷ የምትመጣው በሚሽሊን ፕራይመሲ ኤችፒ ነው። ይህ ጎማ ለምቾትና ለነዳጅ ቁጠባ የተሠራ ነው። በ2012 የወጣችው የመጀመሪያዋ 86ም ይህንኑ ጎማ ነበር የያዘችው። ስህተት አልነበረም። ዋና መሐንዲሷ ቴትሱያ ታዳ መኪናዋ በመጠነኛ ፍጥነትም እንድትጫወት፣ ነጂው ጫፏ ላይ መድረሷን እንዲያውቅ ፈልጎ ነው። ባለ 18ቷ ግን ፓይለት ስፖርት 4 ይዛ ትመጣለች። ሰዎች ሁለቱን ነድተው «የ18ቷ ቸርኬ የተሻለ መንገድ ይይዛል» ሲሉ እሰማለሁ። ቸርኬው አይደለም፤ ጎማው ነው። ባለ 17ቷ ካለቻችሁና ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ቸርኬውን ተዉትና ጥሩ ጎማ ግዙ። ከዚያ በላይ ለውጥ የሚያመጣ ብር የለም።

17፣ 18፣ 19

የእኔ ምርጫ 17 ነው። ምክንያቱን ከማስቀመጤ በፊት ለ18 የሚገባውን ልስጠው። 18 ያምራል። የፓራፋንጎውን ቦታ ይሞላዋል። የጎማው ጎን አጭር ስለሆነ መሪውን ስታዞሩ መኪናዋ ቶሎ ትመልሳለች፤ ጎኑ አይለመጥም። የብሬምቦ ፍሬን ላላቸው መኪኖች ደግሞ 18 ይቀላል። ብዙ 17 ቸርኬዎች ከትልቁ ካሊፐር፣ ዲስኩን ጨብጦ ከሚያቆመው የፍሬን ክፍል፣ ጋር ይጋጫሉ። እንዲህ ዓይነት ፍሬን ካላችሁ 17 ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ቸርኬ ያለ ጎማ አስገብታችሁ በእጅ አዙሩት። ካልነካ ጥሩ።

17ቱ ግን ለዚህ አካባቢ መንገድ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ቨርጂንያና ሜሪላንድ ክረምቱን ሙሉ ውሃው አስፋልቱ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ይበርዳል፣ ይሰፋል፣ ይቀልጣል። የካቲትና መጋቢት ሲደርስ መንገዱ በጉድጓድ ይሞላል። የ225/45/17 ጎን 101 ሚሊ ነው። የ225/35/19 ደግሞ 79 ሚሊ። ሃያ ሁለት ሚሊ ልዩነት የአውራ ጣት ወርድ ናት። ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡ ግን ቸርኬያችሁን የምታድነው ያቺ የአውራ ጣት ወርድ ናት።

ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው። አንድ ጓደኛዬ ባለ 19 ቸርኬ ነበረው። ምሽት ላይ ነው፣ ዝናብ ጥሏል፣ ጉድጓዱ በውሃ ተሞልቶ ከመንገዱ አይለይም። እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ድምፁ ድንጋይ በመዶሻ እንደመምታት ነበር። ቆመን በስልክ መብራት አየነው። የጎማው ጎን ላይ እንቁላል የምታክል እብጠት ወጥታለች። የቸርኬው ከንፈር ወደ ውስጥ ተጣጥፏል። እብጠት ማለት የጎማው የውስጥ ክር ተበጥሷል ማለት ነው። ጎሚስታ አይጠግነውም፤ ይጣላል። የኋላውም ያንኑ ጉድጓድ ስለመታ አብሮ ተበላሸ። በአንድ ጉድጓድ ሁለት ጎማ፣ ሁለት ቸርኬ።

ሌላው ክብደት ነው። ጎማና ቸርኬ ከሞላው በታች ነው ያሉት። ሲከብዱ መንገዱ ባነጠራቸው ቁጥር አሞርዛተሩ እነሱን ለመመለስ ይለፋል። በዚያ ላይ ይዞራሉ፤ ለማስነሳትም ለማቆምም ተጨማሪ ጉልበት ይበላሉ። 1,300 ኪሎ ገደማ ለምትመዝን፣ 228 የፈረስ ጉልበት ላላት መኪና ይህ ወዲያው ይሰማል። ሻጩ የነገራችሁን ክብደት አትመኑ። እኛ ቤት መቼም የሻንጣ ሚዛን አይጠፋም። አገር ቤት ስንሄድ 23 ኪሎዋን የምንለካባት ያቺው። ቸርኬውን በገመድ አንጠልጥላችሁ መዝኑት። 17 ኢንች ተራ ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ነው። ኤንኬ አርፒኤፍ1 በ17 በ8 ልኩ ወደ 7 ኪሎ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ጥግ ሁለት ኪሎ ማንሳት ቀላል ነገር አይደለም።

ዋጋውም አለ። በእነዚህ ልኮች የ17 ጎማ ከ18ቱ ይረክሳል። 19ኙ ደግሞ በዋጋ ይብስና ምርጫውም ይጠባል። ቸርኬ አንዴ ትገዛላችሁ፤ ጎማ ግን በየሁለት ሦስት ዓመቱ ነው።

ወርዱስ?

215፣ 225 ወይስ 245? በጣም የሚያከራክረው ይህ ነው። እኔ ለመንገድ 225 ይበቃል ባይ ነኝ።

225/45/17 ሙሉ ቁመቱ 634 ሚሊ ነው። ከፋብሪካው በ1.4 በመቶ ይበልጣል። የፍጥነት ቆጣሪው 60 ማይል ሲል እናንተ 61 ገደማ እየሄዳችሁ ነው ማለት ነው። ይህ አይጎዳም። እኔ የምይዘው ገደብ 3 በመቶ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ቆጣሪው ይዋሻል፣ ጎማውም ፓራፋንጎ መንካት ይጀምራል። 235/45/17 የምትሉ ካላችሁ አስሉት። 643 ይመጣል፣ ገደቡ ጫፍ ላይ ነው። አትግዙት።

245/40/17 በቁመት ችግር የለበትም፤ 628 ሚሊ ነው፣ ልክክ ይላል። ግን ከፋብሪካው የሰፋ፣ ቢያንስ 8 ኢንች ወርድ ያለው ቸርኬ ይፈልጋል። የመኪና ውድድር ሜዳ ለሚወጣ ሰው ጥሩ ነው። ለመንገድ ግን ይከብዳል፤ አስፋልቱ ላይ ያለ የከባድ መኪና ዱካ ሁሉ መሪውን ይጎትተዋል። ሌላም ነገር አለ። የዚህች መኪና ደስታዋ ቀላልነቷ ነው። ጎማው መንገዱን የግድ ካጣበቀባት፣ የምትናገረውን ለመስማት ክልክል የሆነ ፍጥነት ላይ መድረስ ሊያስፈልጋችሁ ነው። ያ ለእኔ ኪሳራ ነው።

ጎማና ቸርኬ በወርድ መስማማት አለባቸው። 225/45/17 ከ7 እስከ 8.5 ኢንች ቸርኬ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የፋብሪካው 7.5 ቸርኬም ይበቃዋል። ጠባቡን ጎማ ሰፊ ቸርኬ ላይ ወጥሮ ማስቀመጥ የሚወዱ አሉ። መልኩን እተወዋለሁ፤ ግን ጎኑ ስለተወጠረ ጎማው ለጉድጓድ ይጋለጣል፣ አየር ሲጎድልም ከቸርኬው ከንፈር ሊወጣ ይችላል።

ቀዳዳው፣ ዳዶውና ኦፍሴቱ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነው።

ሌላ ወዳጄ ታክሲ ይሠራባት የነበረችውን ፕሪየስ ሲሸጥ ባለ 17 ቸርኬዎቿን ከነጎማቸው ሰጠኝ። ጎማው 215/45/17 ነው፣ የእኔው ልክ። የቡሎኑ ቀዳዳ 5 በ100 ነው (አምስት ቡሎን፣ ከዳር እስከ ዳር 100 ሚሊ በሆነ ክብ ላይ)፣ የእኔው ልክ። መሃሉ ላይ የቶዮታ አርማ አለ። ለክረምት ይሆነኛል ብዬ ደስ አለኝ። መኪናዋን በክሪክ አነሳናት፣ የራሷን ቸርኬ አወጣን፣ የፕሪየሱን አስገባን። አምስቱም ቡሎኖች ቀዳዳቸው ውስጥ ገቡ። ቸርኬው ግን እስከ መጨረሻው አልሄደም። ዝገት መስሎኝ ሞዞውን፣ ቸርኬው የሚታሰርበትን ብረት፣ በብረት ብሩሽ ፈገፈግኩት። መልሼ አስገባሁ። ያው ነው፤ ትንሽ ክፍተት ቀርቶ ይወዛወዛል። በመጨረሻ ካሊፐር መለኪያ አመጣሁና ለካሁት። የሞዞው ውፍረት 56.1 ሚሊ። የቸርኬው የመሃል ቀዳዳ 54.1። ሁለት ሚሊ!

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ የቶዮታ ስም ትያዝ እንጂ የምትሠራው ጃፓን፣ ጉንማ፣ ኦታ ከተማ ባለው የሱባሩ ፋብሪካ ነው። ሞዞዋ የሱባሩ ነው። የቡሎኗ ጥርስም የሱባሩ ነው፤ 12 በ1.25 (ውፍረቱ 12 ሚሊ፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ)። የቶዮታው 12 በ1.5 ነው። የቶዮታ ዳዶ አንድ ሁለት ዙር በእጅ ይገባና ይይዛል። በማሽን ከገፋችሁት የቡሎኑን ጥርስ ይበላዋል። ስለዚህ ለዚህች መኪና ቸርኬና ዳዶ ስትፈልጉ «ቶዮታ» አትበሉ። ቁጥሩን ተናገሩ፦ 5 በ100፣ የመሃል ቀዳዳ 56.1፣ ዳዶ 12 በ1.25።

ከውጭ የምትገዙት ቸርኬ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ይሰፋል፣ 73.1 ሚሊ የተለመደ ነው። ይህ አያስደነግጥም። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት አለ፤ ከ73.1 ወደ 56.1 የሚያወርድ። ርካሽ ነው። ከሌለ ግን ቸርኬው መሃሉን ስቶ ሊታሰር ይችላል፤ በ60 ማይል መሪው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ባላንስ አልተደረገም ብላችሁ ጎሚስታውን ትወቅሱታላችሁ።

የ2005 እና ከዚያ በኋላ ያሉት የሱባሩ ኤስቲአይ ቸርኬዎች 5 በ114.3 ናቸው። ለዚህች አይገቡም። በአስማሚ አስገባለሁ የሚል ይኖራል፤ እኔ አልመክርም።

አሁን ኦፍሴት። ቸርኬውን በወርዱ መሃል ለመሃል ብትከፍሉት፣ ሞዞው ላይ የሚያርፈው ፊቱ ከዚያ መሃል ምን ያህል ወደ ውጭ እንደራቀ ይነግራችኋል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ቸርኬው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዝቅ ሲል ወደ ውጭ ይወጣል። የፋብሪካው +48 ነው።

በቁጥር እናወዳድር። 17 በ8 ቸርኬ በ+45 ከፋብሪካው ይልቅ 9 ሚሊ ወደ ውጭ፣ 3 ሚሊ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ማንንም አይነካም። 17 በ9 በ+45 ከሆነ 22 ሚሊ ወደ ውጭ፣ 16 ሚሊ ወደ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ በአሞርዛተሩ በኩል ክፍተቱን በጣታችሁ መለካት አለባችሁ፤ የፊት ጎማ ዘንበል የሚልበትን ካምበርም ማስተካከል ሊመጣ ይችላል። 18 በ9.5 በ+40 ሲሆን 33 ሚሊ ወደ ውጭ ይወጣል። መኪናዋ በሞላ ዝቅ ካለች ፓራፋንጎውን ለማጠፍ ተዘጋጁ። ጉዳዩ መንካት ብቻ አይደለም። ቸርኬው በወጣ ቁጥር መሪው ይከብዳል፣ ኩሽኔታውም ይለፋል።

ካስት ወይስ ፎርጅድ

ካስት ማለት የቀለጠ አሉሚኒየም በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ነው። ርካሽ ነው፤ ከባድ ነው። ፍሎው ፎርም የሚባለው ከካስቱ ተነስቶ ጠርዙ እየተሽከረከረ በጫና የሚሳብ ነው፤ ቀለል ይላል፣ ይጠነክራል። ፎርጅዱ ደግሞ ደረቅ አሉሚኒየም በከባድ ማተሚያ ተጨፍልቆ የሚሠራ ነው። የሬይስ ቮልክ ቲኢ37 የዚህ ዓይነት ነው፤ በ1996 ሲወጣ የ15 ኢንቹ ክብደት 3.7 ኪሎ ስለነበር ነው 37 የተባለው። ለመንገድ ፍሎው ፎርሙ ይበቃል። ዋጋውም ቤተሰብ አያስቀይምም።

ቲኢ37 የሚመስል በአራተኛ ዋጋው ካገኛችሁ ግን ተጠንቀቁ። ቸርኬው ከጀርባው ጄደብሊውኤል የሚል የጃፓን የጥንካሬ ምልክት፣ ከጎኑም ቪአይኤ የሚል ማረጋገጫ አለው ወይ? የሚሸከመው ክብደት ተጽፎበታል ወይ? የለውም ማለት ማን እንደፈተነው አይታወቅም። በ70 ማይል የሚሰበር ቸርኬ ላይ ልጅ ጭኖ መሄድ አይገባም። ያገለገለ ፎርጅድ ከአዲስ ኮፒ ይሻለኛል፤ መታጠፉንና ስንጥቁን በደንብ ካያችሁ።

ጎማው

እዚህ ውሳኔው በወቅቱ ነው። የበጋ ጎማ፣ እንደ ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ ያለው፣ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ይደርቃል። ኅዳር ላይ ጠዋት ሲነሱ ጎማው እንደ ፕላስቲክ ይሆናል። ሁለት ስብስብ ለመያዝ ቦታ ካላችሁ በጣም ጥሩ፦ የበጋው አዲሱ ቸርኬ ላይ፣ የክረምቱ የፋብሪካው ላይ። አፓርትመንት ውስጥ ከሆናችሁና ማስቀመጫ ከሌላችሁ ፓይለት ስፖርት ኦል ሲዝን 4 ጥሩ ማስታረቂያ ነው። ዱባይና ሪያድ ላላችሁ ይህ ጭንቀት የለም። የእናንተ ጉዳይ ሙቀቱ ጎማውን ቶሎ ማስረጀቱ ነው፤ ስለዚህ ቀኑን እዩ።

ቀኑ ጎማው ጎን ላይ ነው። ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 3524 ከሆነ በ2024 በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ የሆነ ግን ስድስት ሰባት ዓመት መጋዘን የተኛ ጎማ በቅናሽ ሲቀርብላችሁ አትውሰዱ።

አሜሪካ በሚሸጡ ጎማዎች ላይ ትሬድዌር የሚል ቁጥርም አለ። ከፍ ያለ ሲሆን ይቆያል፣ ዝቅ ያለ ሲሆን ይጨብጣል። ብሪጅስቶን ፖቴንዛ አርኢ-71አርኤስ 200 ነው። 4ኤሱ 300። ኦል ሲዝኑ ከ500 በላይ። 200ውን በየቀኑ ለሥራ የምትነዱበት ከሆነ ቶሎ ያልቃል፣ በብርድ ደግሞ አያስተማምንም።

የሚሸከመውም ክብደት ከፋብሪካው አይነስ። የ17ቱ ጎማ 87 ይላል፤ አንዱ ጎማ 545 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው።

እንግዲህ ለልጁ የነገርኩት ይህን ነው፦ 17 በ8፣ +45፣ ፍሎው ፎርም፣ በላዩ 225/45/17 የበጋ ጎማ። የፋብሪካውን ቸርኬ አትሽጥ፣ የክረምት ጎማ አልብሰው። የእኔም እንዲሁ ነው። እሱ ባለ 18ቷን ስለያዘ ትንሽ ተከራከረኝ። «18ቱ ያምራል» አለ። እውነት ነው፣ ያምራል። 18 ከወደደ 18 በ8.5፣ +45፣ በ225/40/18 ቢገዛ አልከፋም። 19ኙን ግን ትቶታል።

ቸርኬው ሲመጣ ሁለት ነገር እንዳትረሱ። አንደኛው የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ነው። ወይ ከድሮው ይዛወራል፣ ወይ አዲስ ተገዝቶ ከመኪናዋ ጋር ይተዋወቃል፤ ካልሆነ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት እንደበራ ይቀራል። ሁለተኛው ዳዶው ነው። በእጅ አስጀምሩት። ከዚያ በኮከብ ቅርጽ፣ አንዱን ዘላችሁ አንዱን፣ በቶርክ ቁልፍ 120 ኒውተን ሜትር ድረስ እሰሩ፤ እዚህ አገር ባለው መለኪያ 89 ፉት ፓውንድ ነው። 50 ማይል ከነዳችሁ በኋላ ጎማው ሲቀዘቅዝ መልሳችሁ እዩት። እኔ ባለፈው ስመልስ ከሃያው ዳዶ አንዱ ሩብ ዙር ገብቶልኛል።